የአሌክሳንድሪያው ሳጥን

የዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የደረስኩት ሌሊቱን ሙሉ በአየር ላይ አድሬ ነው። ጉሮሮዬ እንደ በጋ ወንዝ ደርቋል። ሻንጣዬን ተቀብዬ ወደ መውጫው ሳዘግም፣ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ፣ ቁመቱ ከረጅም ሰው የማያንስ ሳጥን ዓይኔን ያዘው። ፊቱ መስተዋት ነው፤ ውስጡ በነጭ መብራት ተጥለቅልቋል። ውሃው፣ ለስላሳው፣ ቺፕሱ፣ ቸኮላቱ፣ ኦቾሎኒው በየረድፉ ተሰልፎ ፊቱን ወደ እኔ አዙሯል። ልክ የሰፈራችን ሱቅ መደርደሪያ ነው፤ ባለሱቁ ብቻ የለም።

ኪሴ ውስጥ ከነበሩት የአንድ ዶላር ኖቶች የመጀመሪያውን አስገባሁ። ማሽኑ ጎትቶ ወሰደውና መልሶ አወጣው። እጥፋቱን ጭኔ ላይ አቅንቼ ደገምኩት፤ ተቀበለኝ። ሦስት ኖት ከወሰደ በኋላ የውሃውን ቁጥር ነካሁ። ጠርሙሱን አቅፎ የያዘው ጠመዝማዛ ሽቦ ቀስ ብሎ አንድ ዙር ዞረ፤ ጠርሙሱ ወደ ጠርዙ ተገፋ፣ ትንሽ አመነታና ወደቀ። ጎንበስ ብዬ ሳወጣው ቀዝቃዛ ነው። እዚያው ቆሜ ጨለጥኩት። ሰው በማላውቅበት አገር፣ ማን ነህ፣ ከየት መጣህ ሳይለኝ ጥሜን የቆረጠልኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ሳጥን ነው። ፍቅሩ የያዘኝ ያኔ ነው።

ልትቀበለኝ የመጣችው የአክስቴ ልጅ ናት። አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደግነው። መኪናው ውስጥ ስለ ሳጥኑ ሳወራላት ዝም ብላ ሰማችኝና፣ “ምን ያስደንቅሃል? እኔም እኮ ሦስት አሉኝ” አለች።

“ሦስት ምን?”

“ሦስት ማሽን ነዋ! አንዱ ልብስ ማጠቢያ ቤት፣ አንዱ ጋራዥ፣ አንዱ የአረጋውያን መኖሪያ። ነገ የምሞላበት ቀን ነው፤ ካልደከመህ አብረን እንሄዳለን።”

እኔ የማውቀው የፓርኪንግ ሒሳብ ተቀባይ መሆኗን ብቻ ነበር። በስልክ ስንገናኝ ስለ ማሽን ትንፍሽ ብላ አታውቅም። “ሳይጸና አይወራም ብዬ ነው” አለችኝ። እነዚህን ማሽኖች ማቆም ከጀመረች ገና ዓመት ከአራት ወሯ ነው።

የመጣሁት ለሁለት ሳምንት ነበር። የሊንከንን መታሰቢያና የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞችን ለማየት ዝርዝር ይዣለሁ። መታሰቢያውን አየሁት፤ ግርማው ልብ ይነካል። የቀረውን ጊዜ ግን ያሳለፍኩት ሳጥኖቹን እየተከተልኩ ነው፤ አልቆጨኝም።

የምትኖረው ከዋሽንግተን በፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ነው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1749 ስትቆረቆር ስሟን ያገኘችው በቦታው መሬት ከነበረው የአሌክሳንደር ቤተሰብ ነው። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ግን ስሙ ሲጠራ ቀድማ የምትታወሰን ለዘመናት ጳጳስ ስትልክልን የኖረችው የግብፅዋ እስክንድርያ ናት። የሚደንቀው፣ የሳጥኑም ታሪክ የሚጀምረው ከዚያች ከተማ መሆኑ ነው። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የኖረው ሄሮን የተባለ መሐንዲስ በቤተ መቅደስ ደጅ የሚቆም የመንጻት ውሃ ማደያ በመጽሐፉ ገልጿል። አማኙ ባለ አምስት ድራክማ ሳንቲም በቀዳዳው ይጥላል። ሳንቲሙ ከአንድ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለች ሳህን ላይ ያርፋል፤ በክብደቱ ሳህኗን ዝቅ ሲያደርግ የዘንጉ ሌላ ጫፍ ከፍ ይልና የውሃውን መክደኛ ይከፍታል። ሳህኗ እያዘነበለች ሄዳ ሳንቲሙ ሲንሸራተት መክደኛው ይመለሳል። ለአማኙ የሚደርሰው ሳንቲሙ እስኪወድቅ የፈሰሰው ውሃ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ለረጅም ዘመን አንቀላፋ። በአዲሱ ዘመን የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1883 ለንደን ላይ ፐርሲቫል ኤቨሪት የፖስት ካርድ መሸጫ ማሽን ሲያወጣ ነው። በ1888 ደግሞ በኒው ዮርክ የባቡር መሳፈሪያዎች ማስቲካ የሚሸጡ ማሽኖች ቆሙ።

ይህን ሁሉ ማታ ሻይ እየጠጣን ስተርክላት የአክስቴ ልጅ በጽሞና አዳመጠችኝ። ስጨርስ፣ “ያ የእስክንድርያ ሰው ቦታ መርጧል። ቤተ መቅደስ ደጅ መቼም ሰው አይጠፋም” አለች። ከታሪኩ ውስጥ የያዘችው ይህን ነው። ቦታ የሚለውን ቃል በሁለቱ ሳምንታት ከአፏ ምን ያህል ጊዜ እንደሰማሁት ቁጥር የለውም። ምክንያቱንም የነገረችኝ በዚያው ማታ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ዕቁብ ደረሳት፤ 4,000 ዶላር። ያን ሰሞን “ማሽን ከነቦታው እንሸጥልሻለን፣ አንቺ እየሞላሽ ገንዘቡን መሰብሰብ ብቻ ነው” የሚሉ ሻጮች አገኘች። 3,400 ዶላር ከፈለች። ታድሷል የተባለው ማሽን ዘጠኝ ሠራተኞች ባሉበት አንድ ቢሮ ቆመ። ከዘጠኙ አብዛኞቹ ምሳቸውን ከቤት ይዘው የሚመጡ ናቸው። በመጀመሪያው ወር የሸጠችው 38 ዶላር ነው። ቺፕሱ ቀኑ አልፎበት እያወጣች ጣለችው። ካርድ ማንበቢያ ላስገባለት ብትል ደግሞ የማሽኑ ሰሌዳ አሮጌ ስለሆነ ከማንበቢያው ጋር አይግባባም። በዚያ አገር ደግሞ ብዙ ሰው የሚከፍለው በካርድ ነው። በመጨረሻ ማሽኑን በ700 ዶላር ሸጠችው። ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ ያቆረ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ሻይ ልትጨምርልኝ ተነሣች።

እዚህ ላይ ለጀማሪ የሚጠቅመውን ልጻፈው። ማሽን ሸጦ ቦታም አገኝልሃለሁ፣ ይህን ያህልም ታተርፋለህ የሚልን ሻጭ የሚመለከት ደንብ በአሜሪካ አለ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ያወጣው ሲሆን እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2012 ጀምሮ ይሠራል። ሻጩ ገንዘብ ከመቀበሉ ወይም ውል ከማስፈረሙ ቢያንስ ሰባት ቀን ቀድሞ ስለ ራሱና ስለ አቅርቦቱ የሚገልጽ ወረቀት መስጠት አለበት። የአክስቴ ልጅ ወረቀቱን አላየችውም፤ እንዲህ ያለ ነገር እንዳለም አታውቅም ነበር።

ሁለተኛውን እንዴት አደረገችው? ማሽን ሳትገዛ ልብሷን ይዛ ወደ ሰፈሯ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሄደች። ቅዳሜ ጠዋት። ከወንበሩ ጥግ ተቀምጣ በደብተር ቆጠረች። በሁለት ሰዓት ውስጥ 31 ሰው ገባ። ልብሱ እስኪታጠብ ድረስ መንገድ ተሻግሮ የሚጠጣ ነገር የገዛው 11 ነው። ልጆች “እማዬ ራበኝ” ሲሉም ሰማች። በሚቀጥለው ቅዳሜም ደገመችውና ሁለቱን ቁጥር አመሳክራ የቤቱን ባለቤት አነጋገረች፤ ከሽያጩ ከመቶ አሥር ለባለቤቲቱ ልትሰጥ፣ መብራቱን ባለቤቲቱ ልትችል ተስማሙ። በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ማሽኑ የማን እንደሆነ፣ ቢበላሽ ማን እንደሚጠየቅ፣ መለያየት ቢመጣ ከስንት ቀን በፊት እንደሚነገር ጻፉ። ማሽን የገዛችው ከዚያ በኋላ ነው። የንግድ ድርጅቷንም በቨርጂኒያ ያስመዘገበችው 100 ዶላር ከፍላ ነው፤ በየዓመቱ 50 ትከፍላለች። የግብር መለያ ቁጥሩ በነፃ ነው፤ ለእሱ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ጥላችሁት ሂዱ።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተነሣን። ኮሪደሯ በካርቶን ተሞልቷል። በእያንዳንዱ ላይ የሚያበቃበትን ቀን በትልቁ ጽፋበታለች። ኮስትኮ ከተባለው የጅምላ መደብር የምትገዛው ቺፕስ አንዱ ወደ 55 ሳንቲም ይወድቅላታል፤ በአንድ ዶላር ከ75 ትሸጠዋለች። ከሁሉ የሚያተርፋት ውሃ ነው። ካርቶኖቹን መኪና ላይ ስንጭን ከመንገዱ ዳር ያሉት ዛፎች ቅጠላቸውን ጨርሰው አራግፈዋል፤ ብርዱ ጣት ይቆርጣል።

ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ የማሽኑን በር በቁልፍ ስትከፍተው መጀመሪያ የማየው ያህል ደነገጥኩ። መደርደሪያው እንደ መሳቢያ ወደ ውጭ ይሳባል። እያንዳንዱ ጠመዝማዛ ሽቦ የራሱ የጥምዝ ብዛት አለው። ለሰፊው ቺፕስ ጥምዙ የተራራቀ፣ ለከረሜላና ለማስቲካ የተቀራረበ ነው። በአንዱ ጥምዝና በሚቀጥለው መካከል አንድ ዕቃ ይገባል፤ ሞተሩ አንድ ዙር ሲያዞረው አንዱ ብቻ ይወድቃል። ቀላሉ ቺፕስ ከላይ፣ ከባዱ ከታች ይደረደራል። በመውደቂያው አፍ ላይ በዓይን የማይታይ ጨረር ተዘርግቷል። ዕቃው ሲያልፍ ጨረሩን ይቆርጠዋል፤ ማሽኑም መድረሱን ያውቃል። ዕቃው ተንጠልጥሎ ከቀረ ሽቦውን ደግሞ ያዞራል፤ አሁንም ካልወደቀ ገንዘቡን ይመልሳል። ይህን ስሰማ የሠራውን ሰው ባገኘው ብዬ ተመኘሁ። የማያየው ገዢ እንዳይበደል አስቦለታልና።

የቀረውን ከፊት፣ አዲሱን ከኋላ እያደረገች ሞላች። እኔ መስተዋቱን ወለወልኩ። የኖት መቀበያውን በጨርቅ አጸዳች፤ ከታች ደግሞ ከማቀዝቀዣው ላይ አቧራውን በብሩሽ አነሣች። “አቧራ ነው ማሽን የሚገድለው” አለችኝ። ከምትሞላበት ጊዜ ይልቅ የምታጸዳበት ይበልጣል።

ጋራዡ የአንድ የአገራችን ሰው ነው። ጋሼ እያለች የምትጠራቸው፣ ፀጉራቸው የሸበተ መካኒክ። መኪና ለምርመራ ያመጡ ታክሲ ነጂዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ግማሾቹ የእኛው ልጆች ናቸው። ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጡና ክርናቸውን ለሰላምታ ሰጡኝ።

“ከአገር ቤት ነህ? እንኳን ደህና መጣህ፣ ልጄ። አንቺ ደግሞ፣ ያ ዝንጅብል ያለው ለስላሳ ካለቀ ሦስት ቀኑ፤ ሰዉ እኔን ነው የሚወቅሰኝ።”

“ይዤ መጥቻለሁ፣ ጋሼ። ዛሬ ሁለት ረድፍ አደርገዋለሁ።”

ከሽያጩ ድርሻ ልትሰጣቸው ብትል እምቢ እንዳሏት የነገረችኝ ከወጣን በኋላ ነው። “ልጆቼ ለአንድ ለስላሳ መንገድ መሻገር ትተዋል፤ ለእኔ ይበቃኛል” ነው ያሏት።

ልቤ የቀረው ግን በሦስተኛው ቦታ ነው። የአረጋውያን መኖሪያው ማሽን የቆመው ከሠራተኞቹ ማረፊያ ክፍል ነው። ከሚያስታምሙት ሴቶች ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። በሩን ከፍተን ስንገባ መስተዋቱ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አየን። በአማርኛ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ “እህት፣ ጾሙ ሊገባ ነው፤ የጾም ነገር አብዢልን” ይላል። አንብባ ሳቀችና ወረቀቱን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። እንዲህ ያሉ ሌሎች ብዙ ወረቀቶች ደብተሯ ውስጥ አሉ።

ቀኑ ከኅዳር 15 በፊት ያለው ቅዳሜ ነበር። ጾመ ነቢያት ሊገባ ቀናት ቀርተውታል። ወተት ያለበትን ቸኮላት በአብዛኛው አወጣችው፤ ለማይጾሙት አንድ ረድፍ ብቻ ተወች። በቦታው ጨው ብቻ ያለበት የድንች ቺፕስ፣ ኦቾሎኒ፣ ለውዝ፣ ቴምር አስገባች። እያንዳንዱን እሽግ እያዞረች ከጀርባው የተጻፈውን ታነባለች፤ የቺዝ ዱቄት ወይም ቅቤ ካለበት ወደ ካርቶኑ ትመልሰዋለች። በጾም ወራት የዚህ ማሽን ሽያጭ እንዴት እንደሚገለበጥ በስልኳ አሳየችኝ። ካርድ ማንበቢያው ምን እንደተሸጠና መቼ እንደተሸጠ በኢንተርኔት ይልክላታል፤ ለዚህም የወር ክፍያና ከሽያጩ ጥቂት በመቶ ይቆረጥባታል።

የሰዓት ልዩነቱ እንቅልፍ ነሥቶኝ ሌሊት ሳሎን ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ጠረጴዛው ላይ የረሳችው ስልክ በራ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አንድ ኦቾሎኒ፣ አንድ ውሃ። ጠዋት ስነግራት ሳታስብ፣ “የሌሊት ተረኛዋ ናት። ሽማግሌዎቹን አገላብጣ ስትጨርስ ነው የምታርፈው” አለችኝ። አይታት አታውቅም። በአውሮፕላን ማረፊያው ባለሱቅ የለውም ያልኩት ሳጥን ትዝ አለኝ፤ ያም አንድ ቅዳሜ ጠዋት የሚመጣ፣ ውሃ ስንት እንደሚያልቅ የሚያውቅ ሰው ነበረው።

በሁለተኛው ሳምንት አራተኛ ማሽን ለማየት ወደ ሪችመንድ ወረድን። በ95 ቁጥር አውራ ጎዳና ፍሬድሪክስበርግን አልፈን አንድ ማረፊያ ላይ ቆምን። ምግብ ቤት የለም፤ ነዳጅ ማደያ የለም፤ ማሽኖች ብቻ በጣሪያ ሥር ተደርድረዋል። በአሜሪካ ሕግ በእነዚህ የጎዳና ማረፊያዎች ማሽን ለመትከል ቅድሚያ የሚሰጠው በየክፍለ ግዛቱ የዓይነ ስውራን ፕሮግራም አማካይነት ለሚሠሩ ነው። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1936 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የፈረሙት የራንዶልፍና የሼፐርድ ሕግ ነው። ሕጉ ዓይነ ስውራን በፌዴራል መንግሥት ሕንፃዎች ውስጥ እንዲነግዱ መንገድ ከፈተ፤ በ1974 ሲሻሻል ቅድሚያ ሰጣቸው፣ የማሽኖቹን ገቢም አካተተ። ጀማሪ ሰው ዋሽንግተንን አይቶ “ይህ ሁሉ የመንግሥት ቢሮ እያለ” ብሎ ይጎመጃል። የአክስቴ ልጅም ጎምጅታ ነበር። በኋላ ሕጉን ስትሰማ፣ “ደግ አደረጉ” አለች። እኔም እንደዚያው እላለሁ፤ በአገሩ ካየኋቸው ሕጎች ይህን የሚያህል አላስቀናኝም።

ሪችመንድ ላይ ማሽኑን ስትመረምር በሬ እንደሚገዛ ገበሬ ነበረች። መጀመሪያ ሰሌዳው ዘመናዊ ካርድ ማንበቢያ የሚቀበል መሆኑን አረጋገጠች። እያንዳንዱን ሽቦ አንድ በአንድ አዞረች። ማቀዝቀዣውን አስነሥታ አርባ ደቂቃ ጠበቀች፤ ቴርሞሜትሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ውስጥ አስቀመጠች። አንድ የዶላር ኖት በሩ ላይ ዘጋችበትና ሳበችው፤ ኖቱ ላልቶ ቢወጣ የበሩ ጎማ አየር ያስገባል ማለት ነው። ባለቤቱ 2,300 አላት፤ በ2,000 ተስማሙ። ባዶው ማሽን ወደ 300 ኪሎ ስለሚመዝን ማንሻ ያለው መኪና ለብቻው ተከራየች። በገዛ ጉልበቱ ሊያንቀሳቅሰው ወይም ዕቃ ሊያወርድ ሲነቀንቀው ማሽን ወድቆበት የሞተ ሰው አለ፤ ማሽኖች ላይ የማስጠንቀቂያ ሥዕል የሚለጠፈው ለዚህ ነው።

ትርፉን ጠይቄያት ደብተሩን ሰጠችኝ። ባለፈው ወር የአረጋውያን መኖሪያው 410፣ ልብስ ማጠቢያው 290፣ ጋራዡ 180 ዶላር ሸጡ፤ በድምሩ 880። ለዕቃ 396 ወጣ። የባለቤቲቱ ድርሻ 29፣ የካርዱ ክፍያዎች 70፣ መድን 45፣ ቤንዚን 40። የቀራት 300 ዶላር ነው። በወር አራት ቅዳሜ ጠዋት ትሠራበታለች። የመጀመሪያው ኪሳራ ገና አልተሸፈነም። በቀላሉ ሀብታም የሚያደርግ ሥራ ነው የሚል ሰው ካለ ይህን ደብተር አላየም። ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ዋናውን ሥራ ሳያስለቅቅ የሚሠራ፣ የራስ የሆነ ንግድ ነው የሚል ሰው ግን እውነቱን ተናግሯል፤ እኔም የምመሰክረው ይህን ነው።

አራተኛውን ማሽን ወደ አገሬ በተመለስኩበት ሳምንት አንድ የጎማ መጋዘን ውስጥ አቆመችው። መጋዘኑ በር ላይ መኪናዋን አቁማ ፈረቃ ሲለወጥ የሚገባውንና የሚወጣውን ሦስት ጊዜ ቆጥራለች፤ አንዱን ጊዜ እኔም አብሬያት ነበርኩ።

ይህን የምታነቡና ዕቁባችሁ ሲደርስ ማሽን ለመግዛት ያሰባችሁ ወገኖቼ፣ ገንዘቡን ባንክ ተዉት። ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ፣ ማሽኑን ልታቆሙ ካሰባችሁበት ቦታ ቅዳሜ ጠዋት ሄዳችሁ ተቀመጡና የሚገባውን ሰው፣ ከዚያም ውስጥ የሚጠጣ ነገር ፍለጋ የሚወጣውን ቁጠሩ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ድገሙት።